«ቺፍ» እንጂ «ሼፍ» አልነበሩም

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው መገናኛችን «አንድ የታሪክ ጽሑፍ» እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ግቢያችን ሕንፃዎች ወይም ስለ ቀድሞ መምህራኖቻችን እንድጽፍ የጠበቁ ይመስለኛል። እነሱን የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የምጽፈው ብዙዎቻችሁ በቀን ሦስት ጊዜ እያያችኋቸው ማንነታቸውን ሳታውቁ ስለተመረቃችሁት ሰው ነው።

ከ1986 እስከ 1995 ዓ.ም ባለው ጊዜ በተማሪዎች ካፌ የበላችሁ ሁሉ ታስታውሷቸዋላችሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ሽርጣቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጭልፋ ይዘው ከመስኮቱ ጀርባ የሚቆሙት ሽማግሌ። ሰልፉ ሲረዝምና ግፊያው ሲበረታ «ፖርት ሁለት ሰው! ስታርቦርድ ቀጥል!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰልፉ ግን ይስተካከል ነበር። ሽሮው ሲቀጥን ለሚያጉረመርም ተማሪ «ልጄ፣ ይሄ ሽሮ አይደለም፤ ዝቅተኛ ማዕበል ነው» ይሉታል። እኛ «ጋሽ ቺፍ» እንላቸው ነበር።

አንድ ቀን አንድ አዲስ ገቢ ተማሪ በትሕትና ሊያርማቸው ሞከረ። «ጋሼ፣ ቺፍ አይባልም እኮ፤ ምግብ አብሳይ በእንግሊዝኛ ሼፍ ነው የሚባለው» አላቸው። እሳቸውም ጭልፋቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልክ ነህ ልጄ። እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ውሃ ላይ ስለሆነ ትንሽ ርሷል» ብለው አሳለፉት። ከኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። ልጁን ጠርቼ ልንገረው አልንገረው ስል ምሳዬ ቀዘቀዘ።

ያልነገርኩትን አሁን ለሁላችሁም ልንገር። «ቺፍ» የወጥ ቤት ማዕረግ አልነበረም። የባሕር ኃይል ማዕረግ ነው። ሰውየው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ቺፍ ፔቲ ኦፊሰር ነበሩ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀይ ባሕር ላይ ኖረዋል። ከዚያም ውስጥ ጥቂቱን ዓመት እኔ አብሬአቸው ነበርኩ። ቤተሰባቸው ስማቸው በጽሑፍ ባይነሣ ይመርጣሉ፤ ስለዚህ እዚህም ቺፍ እላቸዋለሁ። እሳቸውም ከስማቸው ይልቅ በዚህ ሲጠሩ ቶሎ ይዞሩ ነበር።

መጀመሪያ የምስለው ዳራ ያስፈልገዋል። አገራችን የባሕር ጠረፍ ያገኘችው በመስከረም 1945 ዓ.ም ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ነው። ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲቋቋም ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ። መኮንኖቹን በማሠልጠንና በማደራጀት የኖርዌይ መኮንኖችና ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጡረታ የወጡ ሰዎች ረድተዋል። በ1954 ዓ.ም ደግሞ አሜሪካኖች «ኦርካ» የምትባል መርከብ በውሰት ሰጡን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ስታገለግል የቆየች፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መርከብ ነች። «ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመችና የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች።

እንግዲህ አስቡት። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ባሕረኛ ከየት ይምጣ? አብዛኛው የደጋ ልጅ ነው። ባሕር የሚባለውን ከዳዊት መድገም በቀር አያውቀውም። እኔ ራሴ በ1964 ዓ.ም ስቀጠር ከፍተኛው ያየሁት ውሃ የአዋሽ ሙላት ነበር። ምጽዋ ስንደርስ ሐምሌ ነው። የአስመራን ቁልቁለት በመቶ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ወርደን ከመኪናው ስንወጣ አየሩ እንደ እሳት ፊታችንን መታን። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «የሞተሩ ሙቀት ነው፤ ከመኪናው ራቅ እንበል» አለ። ራቅን። ያው ነው።

ቺፍን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። መርከቧ ላይ በወጣሁ በሁለተኛው ቀን፣ ገና መልሕቅ ሳይነሣ፣ እንዲያው ቆማ ስትወዛወዝ ብቻ ሆዴ ተገለበጠ። ከጥግ ተቀምጬ ሳጥወለውል አንድ ሰው የሎሚ ቁራጭ አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝና «ከወዴት ነህ?» አለኝ። ነገርኩት። «አይዞህ፣ ባሕር ሰው አይበላም፤ ምሳውን ብቻ ነው የሚበላበት» አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ማዕረጋቸውን አየሁና ለመነሣት ሞከርኩ። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፤ ሰላምታህን ባሕሩ ወስዶታል» አሉ።

ቺፍ ከጣና ዳር የመጡ ናቸው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በታንኳ እንጨት ሲያመላልሱ ነው ያደጉት። ስለዚህ በመርከቧ ላይ ካለነው ደገኞች ሁሉ «እውነተኛው ባሕረኛ እኔ ብቻ ነኝ» ይሉ ነበር። የእንግሊዝ አሠልጣኞች የመርከብ አካል ሲያስተምሩ በታንኳ እያነጻጸሩ ያስረዱናል። «ብረት ይሰጥማል። ታንኳ ግን ደንገል ስለሆነች ትርሳለች እንጂ አትሰጥም። ስትርስ ፀሐይ ላይ ታሰጣታለህ፤ በቃ። እስቲ ይቺን መርከብ አስጥተህ አድርቃት!» ፖርትና ስታርቦርድን፣ ማለትም የመርከብ ግራና ቀኝን፣ ለሚያምታታው ሁሉ የፈለሰፉት ዘዴ ደግሞ ከማንም መጽሐፍ ይበልጥ ነበር፦ «ፖርት በልብህ በኩል ነው፤ ስታርቦርድ በጉርሻህ በኩል ነው። በልብህና በጉርሻህ መካከል ያለው አንተ ነህ።» ይህን የሰማ ሰው ዳግመኛ አይሳሳትም። እኔ እስከ ዛሬ መኪና ስነዳ በልቤ ይመጣብኛል።

ሥራቸው የወጥ ቤቱ ኃላፊነት ነበር። አሁን ሳስበው የባሕር ኃይላችንን ታሪክ በትክክል የሚናገረው ያ ወጥ ቤት ነው። መርከቧ የተሠራችው ለአሜሪካኖች ስለሆነ ምድጃው፣ መጋገሪያው፣ መደርደሪያው ሁሉ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ለሚበላ ሰው ነው። ለእንጀራ ቦታ የለም። ባሕር ላይ ስንወጣ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ነው የምንበላው። ሦስተኛው ቀን ላይ የሰው ፊት ይጠቁራል። ሥራ አልሰነፈም፤ ግን የሚስቅ የለም። ቺፍ ይህን አይተው እንጀራ ባሕር ላይ ካልጋገርኩ አሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከአስመራ ገበያ የተገዛ የሸክላ ምጣድ ነበር። በገመድ አስረው ምድጃው ላይ አስቀመጡት። ዳህላክን ሳናልፍ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው ከመርከቧ ጥገና ክፍል ያሠሩት የብረት ምጣድ ነው፤ አልተሰበረም፤ ነገር ግን መርከቧ ስትዘነብል ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። የወጣው እንጀራ በአንድ በኩል እንደ ወረቀት፣ በሌላው በኩል እንደ ድፎ ዳቦ ነው። ቺፍ ግን አላፈሩም። መሶቡን ከፍተው «ዛሬ ነፋሱ ከስታርቦርድ ነበር» ብለው አቀረቡ። ማዕበሉ የመጣበትን አቅጣጫ ከእንጀራው ማንበብ ተማርን።

ሦስተኛውን ሙከራ ስነግራችሁ የምሕንድስና ምሩቃን በጥሞና ስሙኝ። አንድ ምሽት ሻይ ይዘውልኝ ወደ መሪው ክፍል ወጡ። እኔ የሲግናል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ባንዲራና የመብራት ምልክት የኔ ነው። ኮምፓሱን ቆመው አዩት። መርከቧ እየተወዛወዘች ኮምፓሱ ግን ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ በሚሽከረከሩ ሁለት የናስ ቀለበቶች ላይ ተንጠልጥሎ ነውና። ብዙ ቆዩና «አንተ ሲግናል፣ ይሄ ነገር ሰሜንን የሚያውቀው ሳይዘነብል ስለሚቀመጥ ነው አይደል? እንጀራም እንደሱ ነው» አሉኝ። በሳምንቱ የጥገናው ክፍል ልጆች ሁለት የብረት ቀለበት ሠርተው ምጣዱን አንጠለጠሉላቸው። በጎመን ዘር አሽተው አሟሹት። ከአራት እንጀራ ሦስቱ ደህና ወጣ። ያን ቀን መርከቧ ላይ የነበረውን ሁካታ ብታዩ ኖሮ ጦርነት ያሸነፍን ይመስላችሁ ነበር። አራተኛውን የተበላሸውን እንጀራ ቺፍ ራሳቸው በሉት። «ካፒቴን ከመርከቡ ጋር ይሰጥማል፤ ወጥ ቤት ከተበላሸው ጋር» አሉ።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይህ ግን ቀልድ አይደለም። ከባሕረኞቻችን መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የምጽዋና የአካባቢው ልጆች ባሕሩን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። እንደምታውቁት በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ቺፍ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ጭልፋ አደረጉ፤ በአንዱ ወገን ዕቃ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ማንም አላዘዛቸውም። በረመዳን ደግሞ ከመግሪብ በፊት ቴምርና ሾርባ አዘጋጅተው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። ባንዲራ የሚወርደው ፀሐይ ስትገባ ነው፤ ባንዲራውን የማወርደው እኔ ነኝ። «ሲግናል፣ ዛሬ አታንቀላፋ፤ የአርባ ሰው ጾም በእጅህ ነው» ይሉኛል። ባንዲራው ዝቅ ሲል ከታች «ቢስሚላህ» ሲባል እሰማለሁ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የገባኝ ቀልዱ ብቻ ነበር።

የባሕር ኃይል ቀን የሚባለው በዓል በየዓመቱ በምጽዋ ቀዝቀዝ በሚለው ወቅት ይከበር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ኃይል ልብሳቸውን ለብሰው ዕጩ መኮንኖችን ይመርቃሉ፤ የአሜሪካን፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት መርከቦች ለጉብኝት ይመጣሉ። ቀዝቃዛው ጦርነት በጦፈበት ዘመን የሁለቱ ኃያላን መርከቦች በአንድ ወደብ ጎን ለጎን ሲቆሙ ማየት ብርቅ ነገር ነው። በአንደኛው ዓመት ቺፍ ከሁለቱም ወገን የመጡ የወጥ ቤት ባልደረቦችን ጋበዙ። አንድ አሜሪካዊ፣ አንድ ሩሲያዊ፣ አንድ ትሪ። የማይግባቡ ስለነበሩ ሁለቱም ቀይ ወጡን በዝምታ ያዩታል። ቺፍ በቀኝ እጃቸው አጥልቀው ለአንዱ አጎረሱ፤ ቀጥለው ለሌላው። ዳጣው በርከት ያለ ነበር። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ፣ እየሳቁ፣ አንዱ ለሌላው ውሃ ሲያቀብል አየን። ቺፍ ወደ እኛ ዞረው «ሁለቱ ኃያላን በአንድ ቀን አለቀሱ፤ ታሪክ ጻፍ ሲግናል» አሉ። እኔ ግን አልጻፍኩም። ለዚያ ገና እደርሳለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በ1966 አብዮቱ ፈነዳ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ከተረሸኑት ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። ጦርነቱ ወደ ባሕሩ ዳር ቀረበ። በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም ሻዕቢያ ምጽዋን አጠቃ፤ የከተማው የየብስ ክፍል ከመንግሥት እጅ ሲወጣ የባሕር ኃይሉ ሰፈርና ደሴቶቹ ተከበው ቀሩ። በመካከል ያለው የጨው ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ በሁለቱም ወገን ያለቀው ወጣት ያሳዝናል፤ ሁሉም በእኔ ዕድሜ ነበሩ።

ምጽዋ የራሷ ውሃ የላትም፤ ከየብስ በቧንቧ ነው የሚመጣላት። ስለዚህ በከበባው ጊዜ ከጥይት ይልቅ የምንቆጥረው ውሃ ነበር። እኔ ያኔ ከመርከብ ወርጄ ከአንድ የምድር ክፍል ጋር ነኝ፤ ክፍሉን መጥቀስ አያስፈልግም። ቺፍም ለዚያው ክፍል ምግብ እንዲያበስሉ ወርደው ነበር። ለአንድ ሰው የሚደርሰው በኮዳ ተለክቶ ነው። የወጥ ቤቱ ውሃ በጀሪካን ተደርድሮ ቺፍ በሚተኙበት አጠገብ ይቀመጣል።

አሁን የምጽፈውን ለአርባ ዓመት ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለባለቤቴም ጭምር። አንድ ሌሊት ከጥበቃ ስመለስ ከጀሪካኖቹ አንዱን ከፍቼ አምስት ሊትር ያህል ወሰድኩ። የቆሰለ ጓደኛ ኖሮኝ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አልነበረኝም። ለራሴ ነው። ሁለት ሊትሩን ጠጣሁ። በቀረው ፊቴንና አንገቴን ታጠብኩበት። ጨውና አቧራው ሲለቀኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ አሁንም አስታውሳለሁ፤ እሱም ያሳፍረኛል።

ጠዋት ጎደለ ተባለ። ተሰለፍን። አንድ መኮንን ማን እንደወሰደው ጠየቀ። ዝም። በዚያ ሰዓት የውሃ ሌባ ምን ሊደረግ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ቺፍ ከሰልፉ ወጡና «ጌታዬ፣ እኔ ነኝ። ትናንት ወጡ ጨው በዝቶበት አቅጥኜው ነው» አሉ።

«አምስት ሊትር?»

«ጌታዬ፣ ጨው እኮ ነው። ቀይ ባሕርን የሚያክል ውሃ ያልበቃው ነው።»

ሰልፈኛው ሳቀ። መኮንኑም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ የሳቀ ሰው ደግሞ ጭካኔ ያቅተዋል። የወር ደመወዛቸው ተቀጣ፤ ለብዙ ቀን ከድርሻቸው ውሃ እየተቀነሰ እንዲተኩ ተፈረደባቸው። ያን ሁሉ ቀን ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ሲቀልዱ አየኋቸው። እኔ ነኝ አላልኩም። ከሳምንታት በኋላ እግሬን ፍንጣሪ መታኝና በመርከብ ወጣሁ። ሲሸኙኝ ጉንጬን መታ መታ አድርገው «ፊትህ ፀድቷል ሲግናል» አሉኝ። ከሕመሙ ጋር ነገሩን በጥልቀት አላሰብኩትም፤ ወይም አላስብም ብዬ ነው።

በ1971 ከሠራዊቱ ተሰናበትኩ። በ1973 ዓ.ም በማታው ክፍለ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ገባሁና በ1979 በታሪክ ተመረቅሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ከምሥረታው እስከ አብዮቱ ያለው የባሕር ኃይሉ ታሪክ ነው። አማካሪዬ አመስግነውኛል፤ እኔም ኮርቼበት ነበር። ውሎች፣ አዛዦች፣ መርከቦች፣ የበጀት ክርክሮች፤ ሁሉም አለ። በእንግሊዝኛ 82 ገጽ ነው።

በዚያ መካከል ምጽዋ በየካቲት 1982 ተያዘች። በግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ ከአሰብና ከደሴቶቹ የቀሩት መርከቦች ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የመን ገባች። ቺፍም በየመን በኩል ወጥተው ከሁለት ዓመት የስደት ኑሮ በኋላ አዲስ አበባ ተመለሱ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በ1986 ለማስተርስ ትምህርት ተመልሼ አንድ ቀን ካፌው ሰልፍ ላይ ስቆም «በጉርሻህ በኩል እለፍ፣ አንተ ቁምጣ የለበስክ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትሪው ከእጄ ወደቀ። ቀና ብለው አዩኝና ምንም እንዳልተፈጠረ «ሲግናል፣ ዘገየህ፤ ምሳ ሊያልቅ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ምሽት ምሽት ካፌው ሲዘጋ ከኋላ በር እየገባሁ አብሬአቸው ሻይ እጠጣ ነበር። ስለ ጥናቴ ስነግራቸው «አምጣውና አንብብልኝ» አሉ። በየምሽቱ አሥር አሥር ገጽ ያህል ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። በጥሞና ይሰማሉ፤ አንዳንድ ቦታ «እህ፣ እሱ እንኳ እንደዚያ አይደለም፤ መልሕቁ ዝጎ ስለነበረ ነው የዘገየነው» እያሉ ያርሙኛል። የመጨረሻውን ገጽ ስጨርስ ዝም አሉ። ሻያቸውን አማሰሉ።

«ስንት ገጽ ነው ያልከኝ?»

«82።»

«82 ገጽ ሙሉ ማንም አልበላም?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያም ዓይናቸውን ከሻዩ ሳያነሡ ጨመሩበት፦ «ውሃስ የጠጣ አለ?»

ያን ጊዜ ነው ከመጀመሪያው ያውቁ እንደነበር የገባኝ። ሌሊቱን አልተኙም ነበር ማለት ነው። ስከፍተው ሰምተዋል፤ ስታጠብም ሰምተዋል። ምን ልበል? ለመናገር አፌን ስከፍት ሳህን ገፋ አደረጉልኝና «ብላ፤ የተረፈ ቅቅል አለ» አሉኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የቆየው ነገር በዚያው አለቀ። ከእሳቸው በኩል ማለቴ ነው።

መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት መሸጧን የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እንግዲህ አሁን የሆነች ሴት ቤት ብረት ምጣድ ሆና ይሆናል። አደራ፣ ሊጡ ወደ ፖርት እንዳይሸሽባት» አሉ። ከዚያም ሽርጣቸውን አውልቀው ወጡ። በዚያ ምሽት ብቻ ነው ሻያቸውን ሳይጨርሱ የሄዱት።

በ1995 ጡረታ ወጥተው ወደ ጣና ዳር ተመለሱ። በ2011 ዓ.ም አገራችን ባሕር ኃይሏን እንደገና ልታቋቁም መሆኑን በሬዲዮ ሰምተው ስልክ አስደወሉልኝ። «ሲግናል፣ ሰማህ? ባሕሩን ለጊዜው ይፈልጉት፤ ወጥ ቤቱን ግን ቀጥረዋል ወይ? ቀለበቱን እንዴት እንደምናንጠለጥለው የማውቀው እኔ ነኝ።» በዓመቱ አረፉ። ለቀብር ስሄድ በሞተር ጀልባ ሐይቁን መሻገር ነበረብን። ማዕበል የሚባል ነገር የለም፤ ትንሽ ነፋስ ብቻ። ስድስት ዓመት ቀይ ባሕር ላይ የኖርኩት ሰው ጣና ላይ አስመለሰኝ። አንዲት የልጅ ልጃቸው ከኪሷ ሎሚ አውጥታ ቆርጣ ሰጠችኝ። «አያቴ ሐይቅ ለሚሻገር እንግዳ ሎሚ ያዙ ይሉን ነበር» አለችኝ።

የታሪክ ተማሪዎችና መምህራን ሆይ፣ እኛ ሰነድ ያለውን እንጽፋለን፤ ሰነድ የሌለውን ደግሞ እንዳልነበረ እናደርገዋለን። በመዝገብ ላይ ስለዚያ ውሃ የሚገኝ ነገር ቢኖር ቺፍ ጥፋተኛ የሆኑበት ነው። የወር ደመወዛቸው የተቀጣበት ወረቀት የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል፤ አንድ ቀን አንዱ ተመራማሪ አግኝቶት «ውሃ ያባከነ የወጥ ቤት ኃላፊ» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ስለዚህ በጽሑፍ ይቀመጥ፦ ውሃውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ያበሰሉት ወጥ ጨው በዝቶበት አያውቅም።

ይህ ጽሑፍ ከ82ቱ ገጽ ጀርባ እንዲያያዝ ለትምህርት ክፍሉ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። እናንተም በካፌው ዘመን የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ካላችሁ፣ ከኋላ በኩል መስኮቱ ውስጥ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ጭልፋ ይዘው ከታዩ፣ እባካችሁ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አድርሱልን። ቤተሰባቸው በሽርጥ ሆነው የተነሡት ፎቶ የላቸውም። በመገናኛው ቀንም ለምሳ ስንሰለፍ፣ ግፊያ ከተፈጠረ፣ በጉርሻችን በኩል እንለፍ።